«ተከላ»፣ «እንቅስቃሴ» እና «ልፋት»፦ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ የልብ መሣሪያ ስለሚመዘግበው የአካል እንቅስቃሴ

በሕክምና በኩል ወደ አማርኛ በመግባት ላይ ካሉት ቃላት መካከል፣ በሰው አካል ውስጥ ተቀምጠው ስለሚሠሩ መሣሪያዎች የሚነገሩት ዛሬ ራሱን የቻለ ክፍል ሆነዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚሁ ውስጥ ጥቂቶቹን መመርመር ነው፤ ይኸውም የልብን ምት ለማስተካከል ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው መሣሪያ የባለቤቱን የአካል እንቅስቃሴ እየለካ የሚያኖረውን መዝገብ የሚመለከቱትን ነው። ለጥናቱ ምክንያት የሆኑን አንድ ሽማግሌ ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ በሚነገረው አማርኛ ውስጥ ያሉትን የእርሻና የመንገድ ቃላት ለመልቀም ወደ ዋግ ኽምራ ሄዶ ነበር። አካባቢው ኽምጣንጋና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩበት፣ ከደጋው ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደው መንገድም ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት በመሆኑ፣ ስለ አረማመድና ስለ ሸክም የሚነገረው ቃል የመዝገበ ቃላት ሠራተኛን እጅግ ያጓጓል። ያሳደሩን ሰው ለጎረቤት ሲያስተዋውቁን «ዶክተር ናቸው» አሉ። ይህ መጠሪያ በሕዝቡ ዘንድ ለሐኪም ብቻ የተሰጠ መሆኑን፣ የቃላት መርማሪም በዚሁ እንደሚጠራ የሚያውቀው ከዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውጭ ጥቂት ሰው መሆኑን የተረዳነው በማግስቱ ጧት ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ አዛውንት መጥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ወረቀት ፈትተው ዘረጉልን።

ሽማግሌው ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄደው የልብ ምት ማስተካከያ ገብቶላቸዋል። ወረቀቱም ለምርመራ በተመለሱ ጊዜ ከመሣሪያው የተነበበው መግለጫ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆኖ፣ ከብዙ ቁጥሮች መካከል የሰውየው የቀን እንቅስቃሴ በአማካይ 1.2 ሰዓት መሆኑን ይናገራል። በቤተሰቡ ውስጥ ያለ አንድ ተማሪ ይህን መሥመር «በቀን የሚሠሩት አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ቦዝነው ነው የሚውሉት» ብሎ ተርጉሞላቸዋል። ልጁ አልዋሸም፤ በእጁ ያገኘውን ቃል ነው የሰጣቸው። እሳቸው ግን ደረታቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣

«ልጄ፣ እኔ ከወንዙ እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት በቀን ሁለት ጊዜ የምወጣ ሰው ነኝ። ቦዘንክ የሚለኝ ይኼ ነው?» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተውም፣ «ላሳየው ብዬ ትናንት ሳላርፍ ወጣሁት፤ ዓይኔ ጨለመብኝ» ሲሉ ጨመሩ።

እንግዲህ አንድ ያለ ቦታው የገባ ግሥ የልብ ሕመምተኛን ዳገት ላይ ለመጣል ምንም አልቀረውም ነበር ማለት ነው። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ለሚገኝ ሐኪም ወዳጃችን ስልክ ተደውሎ ሽማግሌው ተገቢውን ምክር አግኝተዋል። ለእኛም ከዚያ ወዲህ የመሣሪያውን አሠራር መማር ግድ ሆነ፤ የአንድን ነገር አሠራር ሳያውቁ ስም ማውጣት የሚያመጣውን አይተናልና።

ሙሉ በሙሉ በአካል ውስጥ የሚቀመጥ የልብ ምት መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የገባው በስዊድን አገር በካሮሊንስካ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 8 ቀን 1958 ነው። መሣሪያውን የሠራው መሐንዲስ ሩነ ኤልምክቪስት፣ በቀዶ ጥገና ያስገባው ሐኪም ኦኬ ሴኒንግ፣ ሕመምተኛውም አርነ ላርሶን ይባላሉ። የመጀመሪያው መሣሪያ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሥራውን ቢያቆምም፣ ላርሶን መሣሪያ በመሣሪያ እየተተካለት እ.ኤ.አ. እስከ 2001 ድረስ ኖሮ በ86 ዓመቱ አርፏል፤ ከሐኪሙም ከመሐንዲሱም በኋላ ማለት ነው። በአገራችን በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት ለልብ ሕሙማን ሕፃናት በተጀመረው የበጎ አድራጎት ጥረት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ የልብ ሕክምና ቃላት ከሐኪሞች አፍ ወጥተው ወደ አስታማሚውና ወደ ጎረቤቱ ደርሰዋል።

መሣሪያው እንቅስቃሴን መለካት የጀመረው ግን ስለ ሰውየው ወሬ ለማቀበል አልነበረም። የጤነኛ ሰው ልብ ሰውየው ሲራመድ በራሱ ይፈጥናል፤ የምቱ መነሻ የታመመበት ልብ ግን ይህን ማድረግ ይሳነዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ፣ ሲጫኑት ወይም ሲናወጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል ከመሣሪያው ሽፋን በስተውስጥ ተለጥፎ፣ የደረቱን መናወጥ ሲያገኝ ምቱን እንዲያፈጥን ተደረገ። ኋላም ክሪስታሉ በአነስተኛ የፍጥንጥነት መለኪያ ተተካ። መለኪያው የሚያገኘውን ሁሉ በማኅደሩ ማኖር የቻለው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች አሠራር እያንዳንዱ ደቂቃ ይመዘናል፤ የደረቱ ንቅናቄ በደቂቃ 70 እርምጃ ገደማ ከሚራመድ ሰው ንቅናቄ ጋር ከተካከለ ወይም ከበለጠ ደቂቃው ይቆጠራል፤ ካነሰ አይቆጠርም። በቀኑ መጨረሻ የተቆጠሩት ደቂቃዎች ተደምረው በሰዓት ይገለጻሉ።

ሐኪሙ ከዚህ የሚፈልገው ቁጥሩን ለብቻው አይደለም። አንድ ሰው ባለፉት ወራት ከነበረው ልማድ ቀስ በቀስ ወይም በድንገት ዝቅ ማለቱ የሕመም መባባስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሰውየው የሚነጻጸረው በቅድሚያ ከራሱ ጋር ነው። ብዙ ሰዎችን በአንድነት የተመለከቱ ጥናቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ የሚንቀጠቀጥን ልብ በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልሰው የዚሁ መሣሪያ ዓይነት የገባላቸውን ከ98 ሺህ የሚበልጡ ሕመምተኞች መዝገብ መርምሯል። የእነዚያ ሰዎች አማካይ የቀን እንቅስቃሴ ከሁለት ሰዓት በታች ሲሆን፣ እንቅስቃሴያቸው እጅግ ያነሰው ሕመምተኞች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ አኳያ የሰቆጣው ሽማግሌ 1.2 ሰዓት ከአሜሪካውያኑ እምብዛም የማይርቅ፣ የሚያሳፍርም ያልሆነ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ፤ ለቃላት ምርጫችን ቁልፉ ያለው እዚያ ነውና። መለኪያው የሚያውቀው የደረትን መናወጥ ብቻ ነው። ሰው ቁልቁለት ሲወርድ እያንዳንዱ ርምጃ መሬቱን በኃይል ስለሚመታ ደረቱ ይናወጣል። ዳገት ሲወጣ ግን እግሩን በዝግታ እያነሣ፣ ደረቱን ሳያናውጥ ያዘግማል፤ ልቡና ሳንባው ግን እጅግ የሚለፉት በዚህ ጊዜ ነው። በዚህ መለኪያ ብቻ የሚመሩ መሣሪያዎች ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ከሚያደርጉት ይልቅ ሲወርድ ምቱን ይበልጥ ማፋጠናቸው ሐኪሞች ከጥንቱ ያስተዋሉት ጉድለት ነው። በጠጠር መንገድ የሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰውም ምንም ሳይለፋ ምቱ ሊፈጥን ይችላል። በሬ ጠምዶ እርፍ ጨብጦ በዝግታ የሚከተል ገበሬ ብዙው ደቂቃው ሳይቆጠርለት ሊቀር ነው፤ በወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ መጁን የምትገፋ ሴት ግን ደረቷ ስለሚወዛወዝ ምናልባት ይቆጠርላት ይሆናል። መሣሪያው የሚቀመጠው ከትከሻ ዝቅ ብሎ በመሆኑ፣ እስክስታ የሚወርድ ሰው በመዝገቡ ላይ ታላቅ ተጓዥ መስሎ ቢታይ አይደንቀንም። ይህን ጉድለት ለማረም ከመናወጡ ጋር የትንፋሽን መጠን የሚለኩ መሣሪያዎች ተሠርተዋል፤ ትንፋሽ ዳገትን ያውቃልና።

ከዚህ በመነሣት እያንዳንዱን ቃል እንመልከት።

«ልብ» በግዕዝም በአማርኛም የሥጋው ክፍል ብቻ ሳይሆን የሐሳብና የፈቃድ መቀመጫም ነው። ልብ አለ፣ ልብ ሰጠ፣ ልብ ነሣ፣ ልበ ቢስ፣ ልበ ደንዳና የሚሉትን ማስታወስ ይበቃል። በመሆኑም በአንዳንድ ሰዎች አነጋገር የሚሰማው «የልብ መቆጣጠሪያ» የሚለው ስያሜ የሰውን ሐሳብ የሚይዝ ነገር ያስመስለዋል፤ መተው ይኖርበታል። «የልብ ምት ማስተካከያ» በሚለው ውስጥ ያለው «ምት» ትርፍ ቃል መስሎ ቢታይም፣ ልብን ከሐሳብነቱ ወደ ሥጋነቱ የሚመልሰው እሱ ነውና አይጣል። «ትርታ» ደግሞ በእጅ ተዳስሶ ወይም በደረት ተሰምቶ የሚታወቀው ስሜት ሲሆን፣ «ምት» የሚቆጠረው ነው። ሁለቱን ለይቶ መያዝ ይጠቅማል።

በተከላ ላይ ያለው ችግር ከዚህ ይልቃል። «ንቅለ ተከላ» የአንዱን ሰው ብልት ነቅሎ ለሌላው መትከልን የሚያመለክት፣ በተለይ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ቃል ነው። ከዛፍና ከችግኝ የተወሰደ፣ አሠራሩንም ደኅና አድርጎ የሚያሳይ ስያሜ ነው። ከዚህ «ንቅለ» የሚለውን አንሥቶ የተረፈውን «ተከላ» ከውጭ ለሚገባ መሣሪያ መስጠት በሥነ አመሠራረት ረገድ ነቀፋ የለበትም፤ ያልተነቀለ ነገር ነውና። ነገር ግን «የልብ ተከላ» ሲባል «የ» የሚያመለክተው የሚተከለውን ነው ወይስ የሚተከልበትን? ሽማግሌውን ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ሊጠይቅ የመጣው ጎረቤት የማን ልብ እንደገባላቸው ጠይቋቸው ነበር። ስለዚህ «የልብ ተከላ» የሚለው ሐረግ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ እንዳይውል፣ ሁልጊዜም «የምት ማስተካከያ ተከላ» ተብሎ የሚተከለው ነገር በስሙ እንዲጠራ እናሳስባለን። በሰቆጣ የሰማነው «ገባለት» የሚለው ግሥ ለንግግር በቂ ነው። «ተገጠመለት» ለጥርስና ለእግር የተለመደ ሲሆን፣ «ተቀበረ» የሚለውን ግን አንድ ተርጓሚ ጽፎት ያየን መሆናችንን ከመናገር በቀር ምንም አንልም።

መሣሪያው ከልብ ጋር የሚገናኝበት ሽቦ የሚያልፍበት «ደም መልስ» ከ«ደም ቅዳ» ጋር የሕክምና አማርኛ ካፈራቸው እጅግ ከተዋጣላቸው ስያሜዎች አንዱ ነው። ውሃ ቀድታ የምታውቅ ሁሉ ያለ ትርጓሜ ትረዳዋለች። ብሔራዊ የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በሳይንስ ቃላት ሥራ ይመከርበት የነበረው ቅደም ተከተል፣ በመጀመሪያ አማርኛን፣ ቀጥሎ ግዕዝን፣ ከዚያም ሌሎቹን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች፣ በመጨረሻ የውጭውን ቃል መፈለግ ነው። ይህ ሥርዓት ዛሬም ያገለግላል።

«ክትትል» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። የእርግዝና ክትትል ሲባል እንክብካቤ ነው፤ የፖሊስ ክትትል ሲባል ሌላ ነው። «መሣሪያው ክትትል ያደርጋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሚሰማ ገበሬ የትኛውን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። ሽማግሌውም «ለማን ነው የሚናገረው?» ብለው ጠይቀውናል። መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ ስናስተውል፣ የሚያገኘውን ያኖራል እንጂ ማንንም አይከተልም። ስለዚህ ለመሣሪያው «ምዝገባ»፣ ለሐኪሙ «ክትትል» ብንል ሁለቱም ቃላት ቦታቸውን ያገኛሉ። ያን ጊዜ «ሐኪሙ በምዝገባው እየተመራ ክትትል ያደርጋል» ማለት ይቻላል።

ወደ ዋናው ቃል ስንደርስ «እንቅስቃሴ»ን እናገኛለን። «ተንቀሳቀሰ» ከ«ቀሰቀሰ» ጋር ሥሩን ይጋራል፤ በአመሠራረቱም በ«ተን-» እና በ«አን-» ከሚጀምሩት ግሦች ወገን ነው። ተንቀጠቀጠ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ተንገዳገደ፣ ተንከባለለ፣ ተንሸራተተ፣ ተንገጫገጨ የዚሁ ወገን ናቸው። ብዙዎቹ ያለዚህ መነሻ ራሳቸውን ችለው አይነገሩም፤ አብዛኞቹም የሚደጋገም ንቅናቄን ወይም መናወጥን ይገልጻሉ። እንግዲህ ቋንቋው ራሱ «እንቅስቃሴ»ን የመደበው ከሚናወጡት ነገሮች ጋር ነው፤ መለኪያውም የሚያገኘው ይህንኑ መናወጥ ነው። በዚህ ምክንያት «የአካል እንቅስቃሴ» መሣሪያው ለሚመዘግበው ነገር ከታሰበውም በላይ የተስማማ ስያሜ ነው። «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» ግን ለስፖርት የተለየ፣ ታስቦበት የሚደረግ ነገር ስለሆነ ከዚህ መግባት የለበትም። «ሥራ» የሚለውም ፈጽሞ አይሆንም።

ሰውየው የሚያወጣው ጉልበት ሌላ ስም ያሻዋል። «ድካም» ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን «የልብ ድካም» የታወቀ የበሽታ ስም ሆኖ ሳለ «ልብዎ ደክሟል» እና «ደክመው ሠርተዋል» በአንድ ወረቀት ላይ ቢገናኙ ምን እንደሚፈጠር አንባቢ ያስበው። የተሻለው «ልፋት» ነው። ቆዳ እስኪለሰልስ ማልፋት፣ ሰውም በሥራ መልፋት፣ ሁለቱም ውስጥ የሚወጣ ጉልበትና የሚያልፍ ጊዜ አለ። ዳገት የሚወጣው ሰው እንቅስቃሴው ጥቂት፣ ልፋቱ ብዙ ነው፤ በመኪና የሚንገጫገጨው እንቅስቃሴው ብዙ፣ ልፋቱ ጥቂት ነው። ይህን ልዩነት በሁለት የአገር ቃላት መናገር ከተቻለ የመሣሪያውን ጉድለት ለማንም ማስረዳት ይቻላል።

«ቦዘነ» ስለሚለው ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ቃሉ ፍርድ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ስለ አደገኛ ቦዘኔነት ሲደነግግ ደግሞ የወንጀል ስም እስከ መሆን ደርሷል። ከተወሰነው ልክ በታች የዋለ ደቂቃ እንቅልፍ፣ ጸሎት፣ እርሻ ወይም ዳገት ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው አይለይም፤ ስሙም መለየት የለበትም። «ያልተቆጠረ ደቂቃ» ማለት ይበቃል። ለልኩ ደግሞ አንዳንዶች «ደፍ» የሚለውን አቅርበዋል፤ ከፈረንጅ ምሳሌ የተቀዳ ሆኖ ስላገኘነው «መነሻ ልክ»ን መርጠናል። «አዝማሚያ» ለወራት ለውጥ፣ «አማካይ» ለቀን ስሌት ከወዲሁ የተለመዱ ናቸው። «ፍጥንጥነት» በፊዚክስ ጽሑፎች የሚገኝ ቃል ቢሆንም ለሕመምተኛ ስለማይነገር «የደረት ንቅናቄ መለኪያ» ማለት ይሻላል።

ከሰቆጣ ከመነሣታችን በፊት የወረቀቱን መሥመር ከሽማግሌው ጋር ተቀምጠን እንደገና ተረጎምነው፤ ተማሪው ልጅ ጻፈ። «መሣሪያው የደረትዎን ንቅናቄ በየደቂቃው ይመዘግባል። በቀን በአማካይ የአንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ እንቅስቃሴ ተቆጥሯል። በዝግታ ዳገት ሲወጡ የሚለፉት ልፋት አብዛኛው አይቆጠርም። ቁጥሩ ካለፈው ወር እጅግ ቢያንስ ሐኪም ያማክሩ።» ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አስነብበው ካዳመጡ በኋላ በአንዱ ቃል ላይ ብቻ እርማት አደረጉ። «በዝግታ ሲወጡ አትበል፤ ሲያዘግሙ በለው» አሉት፤ እንደዚያው ተጻፈ።